ዕለቱን የጻፈ ሥዕል፣ ዕለቱን የሸሸገ ሥዕል

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው ገነተ ማርያምን የሚያገኛት ዙሪያዋን ከተቆፈረ ግቢ መካከል ነው። ጣሪያዋም፣ ዓምዶቿም፣ ግድግዳዋም አንድ ድንጋይ ናቸው። ድንጋዩ ደግሞ ከእሳት የተወለደ ነው። የላስታ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈለቀ፣ እየበረደና እየተነባበረ የተከመረ የእሳተ ገሞራ አለት ናቸው፤ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍም ከዚሁ ክምር ወገን ነው። የላስታ ጠራቢ እሳቱን አላየውም። ያገኘው ከበረደ በኋላ ነው፤ አግኝቶ ፈለፈለው፣ ፈልፍሎም ገጹን በቀለም አለበሰው።

እሳቱን በዐይናቸው እያዩ የሣሉ፣ የሣሉትንም ለመንገደኛ የሸጡ ሠዓሊዎች የነበሩት በሌላ ሀገር፣ በኢጣልያ ደቡብ፣ በናፖሊ ከተማ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከገነተ ማርያም ግድግዳ ጋር በአንድ ጽሑፍ መነሣቱ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ዛሬ በላሊበላ ሱቆች ለጎብኚ የሚሸጠውን ሥዕል በቅጡ ለመመዘን ሁለት ሚዛን ያስፈልጋል። አንደኛው ከዚያው ከላስታ ምድር ይገኛል፤ ሁለተኛው ሥዕልን ለመንገደኛ መሸጥ ቀድሞ ወግ ከያዘበት ገበያ መምጣት አለበት።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች ልጆች ትምህርታቸውን በጉዞ ለመፈጸም ወደ ኢጣልያ ይወርዱ ነበር። የጉዞው ዳርቻ ናፖሊ፣ የናፖሊም ትንግርት የቬሱቪዮ ተራራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ79 ፖምፔይን የቀበረው ይህ ተራራ በ1767፣ በ1779 እና በ1794 በኃይል ፈነዳ፤ መንገደኛውም የፖምፔይን ፍርስራሽና የሚነደውን ተራራ በአንድ ጉዞ ለማየት ጎረፈ። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1776 ስለ ተራራው ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የፒየትሮ ፋብሪስን ሥዕሎች አወጣ። ፈረንሳዊው ፒየር ዣክ ቮለር በናፖሊ ተቀምጦ የፍንዳታውን ሌሊት እየደጋገመ በዘይት ቀለም ሣለ። በአንድ ወገን ቀዝቃዛ ጨረቃ ባሕሩ ላይ ታበራለች፤ በሌላው ወገን ቀይ እሳት ይወርዳል፤ ከፊት ለፊት ጥቃቅን ሰዎች ቆመው ይመለከታሉ። ገዢው ቮለርን የገዛው ለእሳቱ ሲል ብቻ አልነበረም። ከፊት ከቆሙት ጥቃቅን ሰዎች አንዱ እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ስለሚቆጥር ጭምር ነው።

የዘይት ሥዕል ለመግዛት ኪሱ ያልፈቀደለት ደግሞ ጉዋሽ የተባለውን፣ በውሃና በሙጫ የሚበጠበጠውን ቀለም በወረቀት ላይ የተሣለ ትንሽ ሥዕል ይገዛ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሠዓሊያቸውን ስም አልያዙም። አንዱ የሌላውን ቅንብር ይቀዳል፤ ጢሱ ከእውነቱ ይበልጥ ይገዝፋል፤ ጫፉ ከእውነቱ ይበልጥ ይሾላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1794 የቀለጠው ድንጋይ የቶሬ ዴል ግሬኮን ከተማ ሲያጠፋ የሰዎች ቤት የነደደበት ሌሊት በሌሎች ሰዎች ሳሎን ውስጥ ጌጥ ሆኖ ተሰቀለ። በዚህ ሁሉ ሥነ ምግባራዊ ንጽሕና የለም። አንድ ነገር ግን አለ። ከብዙዎቹ ሥዕሎች ግርጌ ፍንዳታው የደረሰበት ዓመት፣ አንዳንዴም ወሩና ዕለቱ ተጽፏል። ሠዓሊው ስሙን ቢነሣ እንኳ ዕለቱን አልነሣም። ዛሬ የተራራውን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ለመንገደኛ የተሸጡትን እነዚህን ወረቀቶች መልሰው ማየታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ለሽያጭ የተሠራ ሥዕል ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው ፍርድ እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ይሰናከላል።

ወደ ላስታ የመጣው ጥንታዊ መንገደኛ ግን ሥዕል የሚሸጥለት አላገኘም። የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፣ አገሩም ተመልሶ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ እነርሱ ሲጽፍ የሚያነቡት እንዳያምኑት ፈርቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አጽንቷል። መሐላ የሥዕል ምትክ ነበር ማለት ነው። መንገደኛ ለመናገር ብቻ ሳይሆን ለመታመን ይፈልጋል፤ የማስታወሻ ሥዕል ገበያም የቆመው በዚህ ፍላጎት ላይ ነው። አልቫሬዝ ቢያገኝ ኖሮ የሚገዛውን ዓይነት ሥዕል ዛሬ በላሊበላ መንገድ ግራና ቀኝ ማግኘት ይቻላል። አልቫሬዝን ያስማለው ፍላጎት ዛሬ ምን እየተሸጠለት እንደ ሆነ ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

አስቀድሞ የመጀመሪያው ሚዛን፣ የገነተ ማርያም ግድግዳ።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር የተያያዘች ናት። ውስጧ በነቢያት፣ በሐዋርያትና በሰማዕታት ሥዕል የተሸፈነ ነበር፤ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ብዙው ደብዝዟል፣ ብዙውም ተልጧል፤ የቀረው ግን በዕድሜውና በስፋቱ በሀገሪቱ ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ነው። ፊቶቹ ሰፋፊ፣ ዐይኖቹ ትልልቅ፣ ልብሶቹ በመሥመር የተከፋፈሉ ናቸው። መሥመሩ ከቀለሙ ይቀድማል፤ ሠዓሊው የጨርቁን ክብደት ሳይሆን የእጥፋቱን ሥርዓት ይሻል። ከእነዚህ ቅዱሳን መካከል የንጉሡ ምስል አለ፤ ጽሑፉም ማንነታቸውን ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ ቀላል ነገር አይደለም። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት አፍርሰው የነገሡ ናቸው፤ ላስታ ደግሞ የዛጉዌ ቤት ነው። አሸናፊው በተሸናፊው አገር፣ በተሸናፊው የጥርብ ጥበብ፣ የቤተ መድኃኔ ዓለምን የመሰለ ዙሪያውን በዓምድ የታጠረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምስላቸውን ከነስማቸው አስቀመጡ። ሠዓሊው የሠራው ለአንድ ከፋይ ነበር፤ ከፋዩም የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። እንግዲህ የገነተ ማርያምን ሥዕል ንጹሕ የእምነት ፍሬ፣ የገበያውን ሥዕል ደግሞ የገንዘብ ርኩሰት አድርጎ መክፈል ታሪክን አለማወቅ ነው። ሁለቱም ለሚከፍል ሰው ተሠርተዋል። ልዩነቱ መፈለግ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። የገነተ ማርያም ሠዓሊ ያሠራውን ሰው ስም በግድግዳው ላይ ትቷል፤ ሥራው የማን ዘመን ሥራ እንደ ሆነ ለመጪው ትውልድ አልሸሸገም።

ከዚህ ግድግዳ እስከ ዛሬው ገበያ ያለውን መንገድ ለመረዳት አንድ የሙያ ነገር ማወቅ ይገባል። በገነተ ማርያም ሥዕሉ ያረፈው በራሱ በግድግዳው ላይ ነው፤ ተጠቅልሎ አይሄድም። ከጊዜ በኋላ ግን፣ በተለይ በጎንደር ዘመን፣ ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ እየሣሉ ጨርቁን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ለመዱ። የተለጠፈ ነገር ይላቀቃል። በጨርቅ ላይ መሣል የለመደ እጅም ጨርቁን ከመለጠፍ ይልቅ ጠቅልሎ መሸጥ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የመልእክተኞች፣ የነጋዴዎችና የመንገደኞች ከተማ ስትሆን የተፈጸመው ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች አቡጀዲ ዘርግተው ለባዕድ ገዢ መሣል ያዙ። ከቀደምቶቹ መካከል ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው በላቸው ይመር ናቸው።

እነዚህ ሠዓሊዎች ለባዕዱ ምን ሣሉለት? ዋነኛዎቹ ሁለት ጭብጦች ናቸው፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክና የዐድዋ ጦርነት።

የሳባ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ሕዝቡ ዘንዶ ሲያመልክ፣ ዘንዶው ሲገደል፣ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ሲያወራ፣ ንግሥቲቱ ስትጓዝ፣ በቅመም የበዛ ግብር ስትበላ፣ በሌሊት ውሃ ስትጠማ፣ ልጅ ስትወልድ፣ ልጁም አድጎ አባቱን ፍለጋ ሲሄድ ይታያል። ከየክፍሉ በላይ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አለ። ገዢው ይህን ጽሑፍ አያነበውም። እንግዲህ ጽሑፉ ለማን ነው? ሠዓሊው ለባዕድ እየሸጠ እንኳ በወገኑ ፊት የሚናገር ሰው ልማድ አልተወም። ይህ ታሪክ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በክብረ ነገሥት የተደራጀው የይኩኖ አምላክን ሥርወ መንግሥት ከሰሎሞን ዘር ለመቁጠር እንደ ነበር ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ በንጉሥ ምስል የታየው የሥልጣን ጥያቄ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ በመርከብ ይጫናል። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላም ሥዕሉ አልፈረሰም፤ ዘውዱን የተሸከመው ተረት ዘውዱን ቀብሮ በገበያ መኖሩን ቀጥሏል። (የታሪኩ የመጀመሪያ ወሬ አቀባይ ነጋዴ መንገደኛ መሆኑን ሠዓሊዎቹ አስተውለውት ይሆን? ታምሪንን ከነግመሎቹ ሲሥሉት ከሌላው ሁሉ በላይ የሚደላቸው ይመስላል።)

የዐድዋ ሥዕል ግን ከዚህም ይበልጣል። በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ፣ በሰንደቅ ዓላማው ቀለማት ተከቦ ይወርዳል። በግራ ኢትዮጵያውያን፣ በቀኝ ኢጣልያኖች ተሰልፈዋል። ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ናቸው። በመካከል ጠመንጃ በጠመንጃ ላይ እንደ ሸንበቆ አጥር ይደረደራል፤ ጢሱ በጥቃቅን ክብ እየተቋጠረ ያርፋል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ጥንታዊ ሕግ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል። ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ከሓዲ በጎን ገጽ፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። ኢትዮጵያዊው ተመልካቹን በሁለት ዐይኑ ያያል፤ የኢጣልያ ወታደር አንድ ዐይን ብቻ አለው።

አሁን የናፖሊውን ሥዕል ማስታወስ ይገባል። በናፖሊ ገዢው ራሱን ከሥዕሉ ፊት ለፊት፣ በደኅና ቦታ ቆሞ እሳት ሲመለከት ያገኘዋል። በዐድዋው ሥዕል አውሮፓዊው ገዢ ራሱን የሚያገኘው የት ነው? በቀኝ በኩል፣ በአንድ ዐይን፣ እየተሸነፈ። በ1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር እንዲህ ተሥሎ ለአውሮፓ ሰው ተሸጠ፤ አውሮፓዊውም ገዝቶ፣ ጠቅልሎ፣ በቤቱ ሰቀለው። ሠዓሊው ገዢውን ለማስደሰት ሲል ሰልፉን አላዞረም፤ ለኢጣልያ ወታደር ሁለተኛ ዐይን አልጨመረም። የገበያ ሥዕል ነጻነት ምን ያህል እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያዳግታል። ገንዘቡ የገዢው ነው፤ ነገሩን የሚናገረው ግን ሠዓሊው ነው።

በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም አማካይነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ተምሮ የወጣው ሠዓሊና ሐያሲ ይህን ሥራ ለረዥም ጊዜ በንቀት ተመልክቶታል። ርቀት አያውቅም፣ ብርሃንና ጥላ የለውም፣ አንዱን ነገር ሺህ ጊዜ ይደግማል የሚል ነው ክሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክሶች ከቶ ክስ አይደሉም፤ የገነተ ማርያምም ግድግዳ ርቀት አያውቅም። ሦስተኛው ግን ሊመረመር ይገባዋል። መድገም ብቻውን ጥፋት አይሆንም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመልክዐ ሥዕሉ ሳይወጣ ዕድሜውን ይደግማል፤ ባለቅኔም በዜማው ልክ ሲቀኝ ልኩን ይደግማል። ጥፋቱ የሚጀምረው እጅ ሲደግም ዐይን መተኛት ሲጀምር ነው። ደካማውን የዐድዋ ሥዕል ከጠንካራው አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል። በጠንካራው ውስጥ እያንዳንዱ ፊት የሚያደርገው ሥራ አለው፤ አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ነጋሪት ይመታል። በደካማው ውስጥ አንድ ፊት እንደ ማኅተም ሃምሳ ጊዜ ይታተማል፤ ሠራዊቱ ይበዛል እንጂ ሰው የለበትም። ሐያሲው ይህን ልዩነት ሳይለይ ሁሉንም «የቱሪስት ሥዕል» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተቱ ሙያውን አለመሥራት ነው።

ቄስ አዳሙ ተስፋው ለዚህ አብነት ናቸው። በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው ወደ አዲስ አበባ የመጡት እኒህ ሠዓሊ ለረዥም ዘመን የሣሉት ለዚሁ ገበያ ነው። ጭብጦቻቸው ሌሎች ሺህ ጊዜ የደገሟቸው ናቸው፤ እጃቸው ግን በመቶ ሥዕል መካከል ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ሥራቸውን በስማቸው ለብቻ ባሳየ ጊዜ ከሱቅ መደርደሪያ የወጣ ሥዕል በሙዚየም ግድግዳ ላይ ራሱን ችሎ ቆመ። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ መነገሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለገበያ ሥዕል ጠበቃ መቆም አይከብድም። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ በላሊበላ ከተማ ሱቆች ከመስቀሎች፣ ከነጠላዎችና በመዝጊያ ከሚከደኑ ትናንሽ የእንጨት ሥዕሎች ጋር በብራና ላይ የተሣሉ ቅዱሳን ይሸጣሉ። ከነዚህ ውስጥ ብዙው አዲስ ነኝ ብሎ በግልጽ የሚሸጥ ቅን ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ነቀፋ የለም። ሌላው ግን ዕድሜው የተሠራ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ በጢስ ይታጠናል፤ በቅባትና በእድፍ ይታሻል፤ ጠርዙ ይቃጠላል ወይም ይቀደዳል፤ የአንድ ወር ዕድሜ ያለው ጊዮርጊስ የሦስት መቶ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ለገበያ ይቀርባል። የናፖሊ ሠዓሊ ስሙን ትቶ ዕለቱን ጻፈ። ይህኛው ስሙንም ዕለቱንም አጠፋ፤ ከዚያም አልፎ የሐሰት ዕለት ፈጠረ። አልቫሬዝ ለመታመን ሲል ማለ፤ የዛሬው መንገደኛ ግን ለመታመን የሚይዘው ማስረጃ ራሱ የሐሰት መሐላ ሆኖበታል።

ይህ የንግድ ማታለል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የተታለለውም ገንዘብ ያለው እንግዳ ነው፤ ምን ቸገረ የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጉዳቱ ከገዢው ኪስ ይልቅ በጥበቡ ላይ ይወድቃል። ለማርጀት የተሠራ ሥዕል ጥሩ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ሠዓሊው መልካም መሥመር ባወጣ ቁጥር መልሶ ማጥፋት አለበት። ደማቅ ቀዩ መደብዘዝ አለበት፤ የጸናው ዐይን መላጥ አለበት። ሥራው የሚመዘነው በሠራው ሳይሆን ባበላሸው መጠን ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ያደገ ወጣት መሥመር ሊማር አይችልም። የገነተ ማርያምን ግድግዳ ሄዶ ቢያይ እንኳ የሚቀዳው የሠዓሊውን እጅ ሳይሆን የዘመኑን ልጠት ነው፤ ጥበቡን ትቶ ቁስሉን ይማራል ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ያረጀ ለመምሰል ከሁሉ የሚቀለው በእውነት ባረጀ ብራና ላይ መሣል ነው። ስለዚህ የቆየ የብራና መጽሐፍ ይፈታል፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይለያል፤ በባዶ ኅዳጉ ወይም በጽሑፉ በራሱ ላይ አዲስ ሥዕል ይጫንበታል። መጽሐፍ ሆኖ አንድ ዋጋ ብቻ የነበረው ነገር በቅጠል ሲቸረቸር ብዙ ዋጋ ያወጣል። አንድ ጸሐፊ ወራት የደከመበት፣ ፍየልና በግ ታርዶ ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ የተዘጋጀለት፣ የገዳም ሰው ሲጸልይበት ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ እንዲህ ይበተናል። ገዢው ሥዕሉን አይቶ ይደሰታል፤ የጠፋው ግን ከሥሩና ከጀርባው ያለው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እዚህ ላይ ግን ሕጉ የሚጠብቀው አሮጌ ነገር በአዲስ ሥዕል ተሸፍኖ፣ ሕጉ የሚፈቅደው አዲስ ነገር ደግሞ በአሮጌ እድፍ ተሸፍኖ በአንድ ሻንጣ ይገናኛሉ። መርማሪው ሁለቱን ለመለየት ሐያሲ መሆን አለበት።

ጥፋቱን በሠዓሊው ራስ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አሮጌ ካልሆነ አልገዛም ያለው ማን ነው? ቀለሙ ያልደረቀውን ሥራ «እውነተኛ አይደለም» ብሎ የሚመልስ እንግዳ ነው። ኢትዮጵያዊ ጥበብ ያለፈ ነገር እንጂ የሚሠራ ነገር መሆኑን ለማመን ፈቃደኛ ያልሆነ ገዢ፣ የሚያምነውን ዓይነት ጥበብ የሚያቀርብለት ደላላ ያገኛል። ከዕድሜ ዋጋው የሚበዛው ለደላላው ነው፤ ብሩሹን የያዘው ሰው የሚከፈለው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በ2021 ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘልቆ እንግዳውን ባስቀረ ጊዜ ደግሞ በቁጥር የሚከፈለውም ቀረ። የተራበ ሰው ሥዕሉን በጢስ እንዳያጥን መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩ ግን እንጀራ አይሆንም።

እውነተኛውን አሮጌ ነገር የመመኘት ታሪክም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በጎንደር አጠገብ ያለውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወደ ፓሪስ ወሰደ። በጨርቅ ላይ የተሣሉ ስለ ነበሩ ተላቀቁ። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አዲስ ሥዕሎች ሠርቶ ሰጠ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው በማስታወሻ ሥዕል ታሪክ ውስጥ የተገለበጠ ገጽ ነው፤ መንገደኛው ዋናውን ይዞ ሄደ፣ ቅጂው ለባለቤቱ ቀረ። ከላሊበላም አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቁ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ በቤልጂክ አንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ነው የተመለሰው። ገዢው አሮጌ ነገር ካልያዝኩ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ ወይ እውነተኛው ይሰረቃል፣ ወይ ሐሰተኛው ይሠራል፤ ሁለቱ የአንድ ፍላጎት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በላስታ ያሉ የሥዕል መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የሱቅ ባለቤቶች ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። ይኸውም በየሥዕሉ ጀርባ የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ቦታና ዓመተ ምሕረት እንዲጻፍ ነው። ይህን ማድረግ ወጪ የለውም። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ይቀንስ ይሆናል። የናፖሊው ጉዋሽ ግን ዕለቱን በመጻፉ ገዢ አላጣም፤ እንዲያውም ዕለቱ የዋጋው አካል ሆነ። «ላሊበላ፣ የገና ሰሞን» ተብሎ ዓመቱ የተጻፈበት፣ በዓሉን ለማክበር በቤተ ማርያም ግቢ የተሰበሰበውን ነጭ ለባሽ ሕዝብ የሚያሳይ ሥዕል፣ በጢስ ከታጠነው ጊዮርጊስ ይልቅ መንገደኛው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ እንደ ነበረ ይመሰክርለታል። ሠዓሊውም የሚያየውን የመሣል ዕድል ያገኛል፤ ዐድዋን የሣሉት አባቶች ዘመናቸው ገና ከትዝታ ሳይወጣ ነበር የሣሉት።

ከታጠኑት ብራናዎች አንዱን ያነሣ ሰው ፊቱን አይቶ እንዳያስቀምጠው። ይገልብጠው። ከጀርባው ሁለት ዓምድ የግዕዝ ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ጽሕፈቱ ያላንዳች ችኮላ የተጻፈ፣ ቀዩም ቀለም በየቅዱሱ ስም ላይ ያረፈ። መሥመሩን ተከትሎ ቢያነብ አንድ ቅዱስ ስሙ ይጠራል፣ የሚለምነውም ሊነገር ይጀምራል፤ ከዚያም የመቀሱ ጠርዝ ይመጣል።